«ገብቷል» እና «ገጥሟል»፦ በልክ ስለማይገጥሙ የሞተር መለዋወጫዎች

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የፋኩልቲው ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



ንግግሬን በሁለት ግሦች እጀምራለሁ፤ «ገባ» እና «ገጠመ»። በጋራዥ ቋንቋ ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይነገራሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የሞተሩን ዕድሜ ይወስናል።

እ.ኤ.አ. በ1908 በእንግሊዝ አገር፣ ብሩክላንድስ በተባለ ስፍራ፣ ሦስት የካዲላክ መኪኖች ተፈታተው ክፍሎቻቸው ተደባለቁ፤ 89 ክፍሎችም ወጥተው ከመጋዘን በመጡ መለዋወጫዎች ተተኩ። ሠራተኞቹ ያለ ሞረድ፣ በተራ የእጅ መፍቻዎች ብቻ መልሰው ገጠሟቸው። መኪኖቹም 500 ማይል ሮጡ። «መለዋወጫ» የሚለው ስም የሚገባን እንዲህ ሲሆን ነው፤ ስሙ ራሱ ቃል ኪዳን ነውና።

ዛሬ በሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ኦሪጂናሉንም፣ ሌላ አምራች የሠራውንም፣ ያገለገለውንም ያገኛል። ዕቃው ከሌላ አምራች መምጣቱ በራሱ ጉድለት አይደለም። ጥያቄው ልኩ ነው።

ፋሻ የምንለውን የፒስተን ቀለበት እንውሰድ። የሲሊንደሩ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር ቢሆን የቀለበቱ ዙሪያ ወደ 251 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የብረቱ ርዝመት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በሚሊዮን ወደ 11 እጅ ይጨምራል። ቀለበቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ በ100 ዲግሪ ቢበልጥ 0.28 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ማለት ነው። እንግዲህ በሁለቱ ጫፎች መካከል የተተወው ክፍተት 0.10 ብቻ ከሆነ ምን ይከተላል? በቀዝቃዛው ያለ ችግር ይገባል፤ ሞተሩም ይነሣል። መኪናው ተጭኖ የዓባይን በረሃ ሲወጣ ግን ጫፎቹ ይጋጠማሉ። ቀለበቱ መሄጃ ሲያጣ ግድግዳውን ይፍቃል ወይም ይሰበራል።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በወጣትነቴ የአጎቴን ሚኒባስ ሞተር ስሠራ አዲሱን ፋሻ ሳልለካ «ገብቷል» ብዬ ዘጋሁት። በሁለተኛው ሳምንት ሞተሩ እንደገና ወረደ። የቤተሰቡ እንጀራ ከዚያች መኪና ነበር። አጎቴ አልተቆጡም፤ «ልጄ፣ ለክተኸው ነበር?» ብቻ አሉኝ።

ስለዚህ መታረም የሚችለውንና የማይችለውን እንለይ። ቀለበቱን ለብቻው ወደ ሲሊንደሩ አስገብታችሁ በተገለበጠ ፒስተን ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት፤ ክፍተቱንም በስስ መለኪያ ብረት ለኩ። ከጠበበ ጫፉ በጥንቃቄ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሞረዳል። ከሰፋ ግን መድኃኒት የለውም፤ ይመለስ። የብሮንዚን ልክ አልመጣም ብሎ መያዣውን መሞረድ ወይም ከበስተጀርባው ወረቀት ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ ክብነቱ ይበላሻል፤ የዘይቱ ንጣፍም ይጠፋል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከመጥበቁ በፊት በሞተሩ ላይ ተዘርግቶ ይታይ፤ የውኃና የዘይት ቀዳዳዎቹ ይገጣጠሙ፤ ጠርዙም ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ አይውጣ።

ውድ ተማሪዎች፤ መለካት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ሳይለኩ መግጠም ግን በሌላ ሰው ገንዘብ መወራረድ ነው። ነገ ተቆጣጣሪ ስትሆኑ «ገባ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ስንት ሆነ?» በሉ።