አትክልት መንከባከብ ድብርትን ያድናል? ክኒኑንስ ይተካል?



በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ አለ። "ዶክተር፣ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ እናታችንን ድብርት ይዟታል፤ መድኃኒትም ጀምራለች። በረንዳ ላይ አትክልት መትከል ያድናል ሲሉ ሰማን። እሱን ከጀመረች ክኒኑን ታቁም?"

አጭሩ መልስ፦ አትክልቱን ትትከል፣ ክኒኑን ግን አታቁም። ረዘም ያለው መልስ እነሆ። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ምንድን ነው?

ባለሙያዎች "ሆርቲካልቸራል ቴራፒ" ይሉታል። እኛ "በአትክልተኝነት የሚደረግ ሕክምና" ብንለው ያስኬዳል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እናጥራ፤ ቅጠል ቀጥቅጦ መጠጣት ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የሚያክመው ሥራው ነው፦ አፈር መቆፈር፣ ዘር መዝራት፣ ውሃ ማጠጣት፣ አረም መንቀል፣ የደረሰውን መልቀም።

ጓሮ መንከባከብ ለማንም ጥሩ ነው። "ሕክምና" የሚባለው ግን የሠለጠነ ሰው ለታካሚው ግብ አውጥቶ፣ ሥራውን በአቅሙ ልክ መጥኖ፣ ለውጡን እየለካ ሲመራው ነው። ለምሳሌ፦

👉 ስትሮክ የመታው ሰው በደከመው እጁ አፈር ይዝቃል፣ ትንንሽ ዘር በጣቶቹ እየለቀመ ይተክላል። ጣት ማፍታታት ብቻውን ቶሎ ይሰለቻል፤ ችግኝ ማዘጋጀት ግን ውጤቱ በዓይን ስለሚታይ ሰውየው ሳይታወቀው መቶ ጊዜ እጁን ያንቀሳቅሳል።

👉 የመርሳት በሽታ ያለባቸው አዛውንት ስም ቢጠፋባቸውም የጤና አዳምን ሽታ ሊያውቁት ይችላሉ። ከዚያ ወሬ ይጀመራል።

👉 በድብርት የተያዘ ሰው "ዛሬ ይቺን አንድ ችግኝ ውሃ አጠጣ" የሚል ትንሽ የቀን ሥራ ይሰጠዋል። ድብርት ሲይዘን "መጀመሪያ ደስ ይበለኝና ከዚያ እነሣለሁ" እንላለን። ሕክምናው የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ መንቀሳቀስ ይመጣል፣ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይከተላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ በ1812 ባሳተመው የአእምሮ ሕመም መጽሐፍ፣ እንጨት የሚፈልጡና ጓሮ የሚቆፍሩ ሕሙማን ብዙ ጊዜ ሲሻላቸው፣ በማዕረጋቸው ምክንያት ከሥራ ነፃ የሆኑት ግን በሆስፒታሉ ግድግዳ ውስጥ እየማቀቁ እንደሚቀሩ ጽፏል።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

1ኛ. በ1984 ሮጀር አልሪች የተባለ ተመራማሪ ፔንስልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሰዎችን መዝገብ አነጻጸረ። ግማሾቹ ከመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸዋል፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ 7.96 ቀን ተኝተው ሲወጡ፣ ግድግዳ የሚያዩት 8.70 ቀን ቆዩ። ጠንካራ ማስታገሻም ዛፍ የሚያዩት ያነሰ ወሰዱ። ይህ ገና ማየት ብቻ ነው።

2ኛ. በ2011 በወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት 30 አትክልተኞች አስጨናቂ ፈተና ተሰጣቸው። ከዚያ ከፊሎቹ ለ30 ደቂቃ አትክልታቸውን ሲንከባከቡ፣ ሌሎቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠው አነበቡ። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ቀነሰ፤ በአትክልተኞቹ ግን ይበልጥ ወረደ። የተረበሸው ስሜታቸውም ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

3ኛ. በ2010 በወጣ የኖርዌይ ጥናት የድብርት ሕመም ያለባቸው 28 ሰዎች ለ12 ሳምንት በእርሻ ቦታ በአትክልት ሥራ ተሳተፉ። የድብርት መለኪያ ውጤታቸው ቀነሰ፤ መሻሻሉ ፕሮግራሙ ካበቃ ከ3 ወር በኋላም ይታይ ነበር።

4ኛ. ጠንከር ያለው ጥናት በ2023 ከአሜሪካዋ ዴንቨር የመጣው ነው። 291 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን የማኅበረሰብ አትክልት ቦታ ተሰጠው፣ ሌላው ተራ ጠበቀ። ያለሙት ሰዎች ከጠባቂዎቹ አንጻር በቀን 1.41 ግራም ተጨማሪ አሰር (ፋይበር) በሉ፣ በቀን ወደ 6 ደቂቃ የሚጠጋ ተጨማሪ እንቅስቃሴ አደረጉ፤ ውጥረታቸውና ጭንቀታቸውም ይበልጥ ቀነሰ።

6 ደቂቃ ትንሽ ይመስላል። በሳምንት ሲደመር ግን 40 ደቂቃ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከሩብ በላዩን ጓሮው ሸፈነው ማለት ነው።

እንግዲህ ለምን "ክኒኑን አታቁሙ" እላለሁ?

ምክንያቱም ከእነዚህ ጥናቶች አንዱም አትክልትን ከመድኃኒት ጋር አወዳድሮ "መድኃኒቱን ተዉት" አላለም። የኖርዌዩ ጥናት ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ጊዜው ራሱ ያሻላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። የኔዘርላንድሶቹ ደግሞ ቀድሞውንም አትክልት የሚወዱ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ የምወስደው ይህን ነው፦ አትክልተኝነት ከሕክምናው ጎን የሚቆም ጥሩ ረዳት ነው። የድብርት መድኃኒት በድንገት ሲቆም ደግሞ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና መረበሽ ሊያመጣ፣ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። መቀነስም ሆነ ማቆም ከሐኪም ጋር ብቻ ነው።

ለእኛ ሰው ለምን የተለየ ትርጉም አለው?

ብዙ እናቶችና አባቶች ከግቢ ወደ ፎቅ ሲወጡ የሚያጡት ቦታ ብቻ አይደለም። ጎረቤት "እስቲ ለቡናዬ ጤና አዳም ስጪኝ" ብሎ የሚያንኳኳበትን በርም ያጣሉ። የሚጠብቃቸው ነገር ከሌለ ቀኑ ይረዝማል።

በእስራኤል ቤር ሼቫ ከተማ ከኢትዮጵያ ለሄዱ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ አትክልት ቦታዎች ተዘጋጅተው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ገበሬ የነበሩ አዛውንት በአዲሱ አገር ቋንቋ ስለማያውቁ ለሁሉም ነገር ልጆቻቸውን ጠባቂ ይሆናሉ። መሬት ላይ ሲሆኑ ግን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የልጅ ልጅ ጠያቂ፣ አያት አስተማሪ። ይህን ክኒን አይሰጥም።

እንዴት እንጀምር?

✔ በ2 ወይም 3 ዕቃ ጀምሩ። የተቆረጠ ጀሪካን ወይም ባልዲ ይበቃል፤ ከታች ውሃ ማውጫ ብሱለት።
✔ ቶሎ የሚደርስ ምረጡ፦ ሰላጣ፣ ቆስጣ። ጠረን ያለውንም ጨምሩ፦ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል።
✔ ጠዋት ጠዋት አድርጉት። የጠዋት ብርሃን የእንቅልፍ ሰዓትን ያስተካክላል።
✔ ጉልበትና ወገብ ለሚያማቸው ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።
✔ ሥራውን አትንጠቋቸው። "አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ አጠጣልሻለሁ" ማለት ፍቅር ቢመስልም መድኃኒቱን መቀማት ነው።

ጥንቃቄ!

⚠️ ጫማና ጓንት አድርጉ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት መሥራት ለእግር ዝሆኔ ያጋልጣል። የቆሸሸ ቁስል ቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ሊያመጣ ስለሚችል የክትባታችሁን ነገር ጠይቁ።
⚠️ እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋሉ፤ ጥላና ባርኔጣ አይለያችሁ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ከጎነበሱበት ቀስ ብለው ይነሡ።
⚠️ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ባለበት ቤት አስተናግርና ጉሎ አይተከል፤ ፍሬያቸው መርዝ ነው።
⚠️ ይህን አደራ እላለሁ፦ ከባድ ድብርት ያለበት ሰው ባለበት ቤት ፀረ ተባይ ኬሚካል ፈጽሞ አታስቀምጡ። ለጥቂት ጎመን ብሎ መርዝ ቤት ማስገባት አያስፈልግም። ትሉን በእጅ መልቀም ይቻላል።

መቼ ነው ወደ ሐኪም መሄድ ያለብን?

ሐዘኑ ወይም ስሜት ማጣቱ አብዛኛውን ቀን ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላ የጓሮውን ውጤት አትጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። "ብሞት ይሻላል" የሚል ቃል ከሰማችሁ ደግሞ ሰውየውን ብቻውን ሳትተዉ ያኔውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሕክምና ላይ ያለ የቤተሰብ አባል ካላችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን "ከመድኃኒቱ ጎን አትክልት ሥራ ብንጨምርስ? ምን ያህል ይችላል?" ብላችሁ ጠይቁት። ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።

ጤና ይብዛላችሁ!