እሑድ ረፋድ በሜክሲኮ ገበታ፦ ተረቱና እውነታው

እሑድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። በሎስ አንጀለስ፣ በቺካጎ ወይም በሂውስተን ሞቅ ወዳለ የሜክሲኮ ምግብ ቤት የሚገባን ሰው ከምግቡ ሽታ በፊት ድምፁ ይቀበለዋል፤ ጥሩንባው፣ ቫዮሊኑ፣ የልጆቹ ጫጫታ፣ ደጅ ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቅ። ገና ምንም ሳያዝ የተጠበሰ የበቆሎ ቂጣ ስብርባሪ ከቀይና ከአረንጓዴ ማባያ ጋር ፊቱ ይቀመጣል። ጎረቤቱ አፉ ዙሪያውን ጨው የተቀባ ብርጭቆ ይዟል። ቁርስ ይሁን ምሳ ያልለየለት ሳህን እስኪመጣ ድረስ ስለ ሜክሲኮ የሚያስረዳ አንድ አዋቂ ደግሞ ከየጠረጴዛው አይጠፋም። ችግሩ፣ አዋቂው በልበ ሙሉነት ከሚናገረው ብዙው ልክ አለመሆኑ ነው።

«ሜክሲኮዎች ብረንችን የተማሩት ከአሜሪካኖች ነው»

ብረንች የሚለው ቃል (የአዲስ አበባ አንባቢ ከባንክ ቅርንጫፍ ጋር እንዳያምታታው) የእንግሊዝኛውን ቁርስና ምሳ አጣብቆ የተሠራ ነው። ለቃሉ በጽሑፍ የተሟገተለት ሰው አሜሪካዊ አልነበረም፤ ጋይ ቤሪንገር የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ ነው፣ በ1895 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቤሪንገር ያዘነው ቅዳሜ ማታ ላመሸ ሰው ነበር። እሑድ ጠዋት እያዛጋ ከከባድ ምግብ ፊት ከሚቀመጥ፣ ረፈድ አድርጎ ተነስቶ ቁርስና ምሳውን ባንድ ቢያነሳ ምናለበት አለ።

ሜክሲኮ ውስጥ ግን ይህ ሰዓት ቤሪንገር ከማሰቡ በፊትም ባለቤት ነበረው። በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ማለዳ የሚቀመሰው ቀለል ያለ ነገር ነው፤ ቡና ወይም ትኩስ ቸኮላት ከጣፋጭ ዳቦ ጋር። ከዚያ ረፋዱ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ ሥራ የጀመረ ሰው ሆዱ ሲጮህ፣ «አልሙዌርሶ» ይመጣል፤ እንቁላሉ፣ ቦሎቄው፣ ትኩሱ የበቆሎ ቂጣ (ቶርቲያ)። ዋናው የቀኑ ማዕድ የሚቀርበው ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ቃሉ ራሱ ስፔን ውስጥ ምሳ ማለት ስለሆነ፣ ከማድሪድ የመጣ እንግዳ ሜክሲኮ ውስጥ «ለአልሙዌርሶ ና» ቢባል በቀጠሮው ሰዓት ላይ መግባባት ይቸግረዋል።

ቅዳሜና እሑድ ሲሆንማ ነገሩ ይከብራል። በኢዳልጎ ግዛትና በዋና ከተማዋ ዙሪያ የእሑድ ጠዋት ንጉሥ ባርባኮአ ነው። የበግ ሥጋ በማጌይ ቅጠል (ማጌይ ከቃጫ ተክል ጋር ዘመዳሞች ናቸው) ተጠቅልሎ፣ በእሳት በጋለ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። ከሥሩ የተቀመጠው ድስት ከሥጋው የሚንጠባጠበውን ስብና ጭማቂ ይቀበላል፤ በውስጡ ሽምብራና ሩዝ ይበስላል፤ ያ መረቅ በሳህን ቀድሞ ይመጣል። ሥጋው በኪሎ ይሸጣል። በሚቾአካን ደግሞ የአሳማ ሥጋ በመዳብ ጋን በገዛ ስቡ ቀስ ብሎ ይበስላል። በየቦታው የሚገኘው ሌላው የቅዳሜና እሑድ ምግብ ሜኑዶ ነው፤ የከብት ጨጓራ በቀይ በርበሬ የተቀቀለበት ሾርባ። ዱለት የሚወድ ሰው ሽታው ብቻ ዘመድ ያገኘ ያህል ያስደስተዋል።

ሜኑዶ ሌላም ተረት ተሸክሟል፤ ስካርን ይፈታል ይባላል። አይፈታም። አልኮልን የሚያጣራው ጉበት ነው፣ እሱም በራሱ ፍጥነት እንጂ በሾርባ ግፊት አይሠራም። ጨው፣ ውሃና ሙቀት ለደረቀ ሰውነት ጥሩ መሆናቸው ግን እውነት ነው፤ ዝናውን ያገኘውም ከዚያ ይመስላል።

«ቺላኪሌስ ቁርስ ሆኖ የመጣ ናቾስ ነው»

ይህን የሚል ሰው ፍርፍር በልቶ አያውቅም ማለት ነው።

ቺላኪሌስ የሚሠራው ከትናንቱ ቶርቲያ ነው። አድሮ የደረቀውን ቂጣ ቆራርጦ መጥበስ፣ ከዚያ በቀይ ወይም በአረንጓዴ ማባያ ማራስ፣ ከላይ ነጭ አይብ፣ ክሬምና ጥሬ ሽንኩርት መበተን፤ እንቁላል ወይም ዶሮ መጨመር የተመጋቢው ፈቃድ ነው። ስሙ የመጣው ከናዋትል፣ ከአዝቴኮች ቋንቋ ነው። ያደረ እንጀራ በቁሌት ሲፈረፈር ያየ ኢትዮጵያዊ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ሁለት ምድጃዎች፣ በውቅያኖስ ተለያይተው፣ ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ሰጥተዋል። ጠቡ እንኳን ይመሳሰላል። አንዱ ቂጣው ሳይርስ ኩርሽም ኩርሽም እያለ ይሁንልኝ ይላል፤ ሌላው መረቁን ጠጥቶ ካልለሰለሰ አይበላም።

ማባያው በስፓኒሽ «ሳልሳ» የሚባለው ነው። አዲስ አበባ ሳልሳ ብሎ የጠየቀ ሰው የታሸገ የቲማቲም ድልህ ይሰጠዋል፤ ሜክሲኮ ውስጥ ግን ቃሉ ማንኛውንም ማባያ ይጠራል። አረንጓዴው ደግሞ ካልበሰለ ቲማቲም የተሠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ቶማቲዮ የሚባል፣ በቀጭን ልጣጭ የተሸፈነ፣ ራሱን የቻለ ሌላ ፍሬ ነው፤ ጎምዘዝ ያለው ጣዕም የእሱ ነው።

ናቾስ ከዚህ ሁሉ ጎን ሕፃን ነው። የተወለደው በ1940ዎቹ፣ ከቴክሳስ ጋር በምትዋሰነው የፒዬድራስ ኔግራስ ከተማ ነው። ከድንበሩ ማዶ የመጡ ሴቶች ምግብ ቤት ገብተው አብሳዩ ቢጠፋ፣ ኢግናሲዮ አናያ የተባለው የቤቱ ሰው ያገኘውን የተጠበሰ ቂጣ፣ አይብና ቃሪያ አንድ ላይ አሙቆ አቀረበላቸው። ናቾ የኢግናሲዮ የቁልምጫ ስም ነው።

«ቶርቲያ ያው የበቆሎ ቂጣ ነው»

ጠረጴዛው ላይ ካለው ሁሉ ትልቁ ዕውቀት የተቀመጠው ማንም በማያየው በዚህ ቂጣ ውስጥ ነው።

የሜክሲኮ ባለሙያዎች በቆሎውን እንዲሁ አይፈጩትም። በኖራ ውሃ ይቀቅሉትና እዚያው ያሳድሩታል፤ ጠዋት አጥበው፣ ልጣጩን አስለቅቀው፣ እርጥቡን ይፈጩታል። አዎ፣ ግድግዳ የሚቀባበት ዓይነት ኖራ። በዚህ መንገድ የተዘጋጀው በቆሎ ኒሽታማል ይባላል፤ ቃሉ በናዋትል ከአመድና ከታማል ሊጥ ስሞች የተሠራ ነው፣ ለዚሁ ሥራ የእንጨት አመድም ስለሚያገለግል። ይህ ካልተደረገ የበቆሎ ሊጥ አይያያዝም፤ ተዳምጦ በስሱ የሚጋገር፣ ሲታጠፍ የማይሰበር ቂጣ አይወጣውም። ያ ልዩ ሽታውም ከዚያ ይመጣል።

ከጣዕሙ የበለጠው ነገር ግን በዓይን አይታይም። በቆሎ ኒያሲን የሚባል ቫይታሚን አለው፤ ሆኖም ሰውነት ሊወስደው በማይችልበት መንገድ ታስሮ ነው የሚገኘው። ኖራው ይፈታዋል፣ ካልሲየምም ይጨምራል። ስፔኖች በቆሎን ወደ አውሮፓ ሲወስዱ ዘሩን ወሰዱ፤ ኖራውን ረሱት። ድሃው ሕዝብ በበቆሎ ብቻ መኖር በጀመረባቸው በሰሜን ስፔንና በሰሜን ጣሊያን ቆዳ የሚያቆስል፣ ሆድ የሚያውክ፣ በመጨረሻም አእምሮ የሚያናጋ በሽታ ተነሳ፤ ፔላግራ። ሐኪሙ ጋስፓር ካሳል በ1735 በአስቱሪያስ መዝግቦታል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ብዙ ሺህ ሰዎችን ገደለ። ሐኪሞች ተላላፊ ጀርም ነው ብለው ሲያሳድዱት፣ ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለ ሐኪም ችግሩ ከምግብ መሆኑን አሳየ፤ የጎደለው ኒያሲን መሆኑ የታወቀው በ1937 ነው። የሜክሲኮ እናቶች በዚያ ሁሉ ዘመን በቆሏቸውን በኖራ እየነከሩ ቂጣቸውን ይጋግሩ ነበር።

«ያቃጥላል፤ ፍሬውን አውጣው፤ ውሃ አምጣ»

የሜክሲኮ ምግብ ሁሉ ያቃጥላል የሚለው ወሬ በርበሬ የለመደ አበሻ ፊት ብዙም አይቆምም። ብዙዎቹ የሜክሲኮ ማባያዎች ረጋ ያሉ ናቸው፤ ፖብላኖ የተባለው ትልቁ ቃሪያ ከአትክልትነት ብዙም አያልፍም። በፋርማሲስቱ ዊልበር ስኮቪል ስም በሚጠራው የ1912 መለኪያ ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000 ሲያገኝ፣ የዩካታኑ አባኔሮ ከ100,000 በላይ ይወጣል። አንድ አገር በአንድ ቃል አይለካም።

ፍሬው ያቃጥላል የሚለው ግን በሁለቱም አገር ወጥ ቤት ሥር የሰደደ ነው። ቃሪያ ስንግ የምትሠራ ሴት ውስጡን በቢላዋ ስትፋቅ ፍሬውን ያወጣች ይመስላታል፤ በእርግጥም ማቃጠሉ ይቀንሳል። ነገር ግን የቀነሰው ፍሬው የተንጠለጠለበት ነጩ ሥር አብሮ ስለወጣ ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ የሚመረተው እዚያ ላይ ነው፤ ፍሬው በመነካካት ብቻ ይቀባዋል። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ ስለዚህ ውሃ መጠጣት እሳቱን በአፍ ውስጥ ማዞር ነው። ወተት ወይም እርጎ ይሻላል፤ በቺላኪሌሱ ላይ የፈሰሰው ክሬም ለውበት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አበሻው ራሱ የሚደነግጥበት ነገር አለ። ከ1492 በፊት ከአሜሪካ አህጉራት ውጪ በርበሬ የሚባል አልነበረም። የአላባው፣ የማረቆው፣ የቡሬው በርበሬ ዘሩ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። በቆሎውም እንዲሁ። ቲማቲምና አቮካዶ ደግሞ ስማቸውን ጭምር ከናዋትል ይዘው መጥተዋል።

«ማሪያቺ የፈረንሳይ ሠርግ ነው»

ማሪያቺ የሚባለው የሙዚቃ ባንድ ወደ ጠረጴዛው ሲጠጋ ይህ ታሪክ ይወራል። ፈረንሳዮች ሜክሲኮን በገዙበት ዘመን ለሠርጋቸው አዝማሪ ይጠሩ ስለነበር፣ «ማሪያቺ» የሚለው ቃል ጋብቻ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መጣ ይባላል። ጥሩ ተረት ነው፤ አንድ ደብዳቤ አፈረሰው። በ1852 ኮስሜ ሳንታ አና የተባሉ የሮሳሞራዳ ቄስ ለጓዳላሃራ ጳጳስ አቤት አሉ፤ በቀዳም ሥዑር ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ጭፈራ፣ መጠጥና ቁማር ተደርቷል፣ እነዚህንም ሰዎቹ ማሪያቺ ይሏቸዋል ሲሉ ጻፉ። የፈረንሳይ ጦር ሜክሲኮን የወረረው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሞቅ ያለው ድምፅ ጎረቤት ማስቆጣቱ እንግዲህ የዛሬ ነገር አይደለም። ጥሩንባው ብቻ ነው አዲስ፤ ከበገናውና ከቫዮሊኑ ጋር ሥፍራ የያዘው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ፈረንሳዮቹ ከተነሱ፣ ምግብ ቤቱን በባንዲራ የሚያጥለቀልቀው የሜይ 5 በዓል፣ ሲንኮ ዴ ማዮ፣ የነፃነት ቀን አይደለም። ነፃነት የሚከበረው በ1810 ለተጀመረው ትግል መታሰቢያ ሴፕቴምበር 16 ነው። ሜይ 5 የጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ ጦር በ1862 ፑዌብላ ላይ ፈረንሳዮችን ያሸነፈበት ቀን ሲሆን፣ ከፑዌብላ ውጪ በሜክሲኮ ከሚከበረው ይልቅ አሜሪካ ውስጥ ይደምቃል። ሜክሲኮ ወራሪን የማታውቅ አገር አልነበረችምና፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር በመንግሥታቱ ማኅበር ተቃወመች፤ ወረራውንም አልተቀበለችም። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ያለው፣ ሜክሲኮ ሲቲም የኢትዮጵያ አደባባይና የአንበሳ ራስ ምልክት ያለው የኢትዮጵያ ሜትሮ ጣቢያ ያላት በዚህ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል።

«ይህ ቴክስ ሜክስ ነው፣ ውሸት ነው»

አዋቂው በመጨረሻ ወደ ሌላው ጽንፍ ይዞራል፤ ቢጫ አይብ ካየ ሁሉንም የቴክሳስና የሜክሲኮ ቅይጥ፣ የሐሰት ይለዋል። እዚህም ላይ ይሳሳታል። ቴክሳስ እስከ 1836 የሜክሲኮ ግዛት ነበረች፤ እዚያ የቀሩት ቤተሰቦች ባገኙት ሥጋ፣ አይብና ስንዴ ያበሰሉት የራሳቸው ምግብ ነው። ፋሂታ የተባለው የሥጋ ጥብስ የመጣው ከቴክሳስ ከብት ጠባቂዎች ምድጃ ነው። የስንዴ ቶርቲያም የአሜሪካ ፈጠራ አይደለም፤ ስንዴ አብቃዩ የሰሜን ሜክሲኮ ክልል ሶኖራ ሲጋግረው ኖሯል። በመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ትል ግን እውነትም የሻጭ ብልሃት ነው፤ እሱም መስካል በሚባለው መጠጥ በአንዳንዱ ውስጥ እንጂ በቴኪላ ውስጥ አይገባም።

ሳህኖቹ ሲነሱ ቡና ይመጣል። የላቲን አሜሪካ ቡና የላቲን አሜሪካ ተወላጅ የሚመስላቸው አሉ፤ አረቢካ ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ልጅ ነው፣ ሜክሲኮ የደረሰው በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ዛሬ ቺያፓስ፣ ቬራክሩስና ኦአሃካ ያበቅሉታል። በባህላዊው መንገድ ሲፈላ ካፌ ዴ ኦያ ይባላል፤ በሸክላ ማሰሮ፣ ከቀረፋና ፒሎንሲዮ ከሚሉት ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ጋር። ስኳር አምጡልን ብሎ አስተናጋጁን መጥራት አያስፈልግም፤ ማሰሮው ውስጥ አብሮ ፈልቷል።