ከጭራቁ የተረፈችው ሴት፦ የአስፈሪ ፊልም ተዋናዮችና የአድናቂዎቻቸው ጉባኤ

የአስፈሪ ፊልም አድናቂዎች ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ ከዓርብ እስከ እሑድ በሆቴል ወይም በኤግዚቢሽን አዳራሽ የሚካሄድ፣ በትኬት የሚገባበት፣ ተዋናዮች ከተመልካቻቸው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙበት ስብሰባ ነው። በአዳራሹ ግድግዳ ዳር ጠረጴዛዎች ይደረደራሉ፤ በየጠረጴዛው ላይ ፎቶግራፎች ይዘረጋሉ። በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ ያለችው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሸሚዟ በደም ርሷል፣ አፏ ለጩኸት ተከፍቷል። ከፎቶግራፉ ጀርባ ደግሞ ራሷ ተዋናይቷ አርባ ዓመት ጨምራ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ማርከር ይዛ ተቀምጣለች። ወረፋ የደረሰው ሰው ስሙን ይናገራል፤ እሷም ፎቶግራፉ ላይ ስሙን ጽፋ ትፈርምለታለች።

ልማዱን የጀመሩት የሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢዎች ናቸው። እነሱ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ኒው ዮርክ ላይ ያደረጉት በ1939 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1970 የሳን ዲዬጎው ኮሚክ ኮን ተከተለ። አስፈሪ ፊልም የራሱን ቤት ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ1979 መታተም የጀመረው ፋንጎሪያ መጽሔት ቁስሉና ደሙ በምን ዘዴ እንደሚሠራ ለአንባቢ እየገለጠ ብዙ ወዳጅ አፈራ፤ በኋላም ወዳጆቹን የሚያሰባስብ ጉባኤ አዘጋጀ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ቺለር ቲያትር በ1990፣ ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ፍራይትሜር ዊክኤንድ በ2006 ተጀመሩ።

በእነዚህ ጉባኤዎች ሴት ተዋናዮች ፊትም ረጅም ወረፋ ይታያል። በ1933 በተሠራው «ኪንግ ኮንግ» ፌይ ሬይ በግዙፉ ዝንጀሮ መዳፍ ውስጥ ሆና ጮኸች። በ1960 ጃኔት ሊ በ«ሳይኮ» ገላዋን ስትታጠብ በቢላ ተገደለች። በ1978 ደግሞ የጃኔት ሊ ልጅ ጄሚ ሊ ከርቲስ በ«ሃሎዊን» ገዳዩን ተቋቁማ ተረፈች። እንዲህ ያሉትን ተዋናዮች አሜሪካኖች የጩኸት ንግሥቶች ይሏቸዋል። ስሙ ሥራቸውን ያሳንሰዋል። ገዳዩ ብዙ ጊዜ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ነው፤ ጭምብል ደግሞ ፊት የለውም። ያንን ጭምብል ሞት አድርጎ ለተመልካች የሚያሳየው የምትፈራው ሴት ዓይን ነው።

ሥራቸው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ሊንዳ ብሌር ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1973 የወጣው «ዘ ኤግዞርሲስት» ሲቀረጽ ገና ልጅ ነበረች፤ የተወለደችው በ1959 ነው። እሷ የተጫወተቻት ጋኔን የያዛት ልጅ የተኛችበት ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ የተዋናዮቹ ትንፋሽ እንደ ጭስ እንዲታይ በማቀዝቀዣ ከበረዶ በታች እንዲወርድ ተደርጎ ነበር። ሌሎቹ ወፍራም ልብስ ለብሰው ሲሠሩ እሷ በስስ የሌሊት ልብስ አልጋ ላይ ተኝታለች። የጋኔኑ ድምፅ የእሷ አይደለም፤ የመርሴዲስ ማክኬምብሪጅ ነው። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ዛቻ ስለበዛባት ይህችው ልጅ ጠባቂ አስፈልጓት ነበር። ዛሬ የተጣሉ ውሾችን የሚያሳድግ ድርጅት አላት፤ በጉባኤዎችም ላይ አዘውትራ ትገኛለች።

ሰው ያስፈራውን ሰው ለማግኘት ለምን እንደሚሰለፍ ለመረዳት የምዕራብ ጎጃምን ገጠር ማሰብ ይበቃል። በጃቢ ጠህናንም ሆነ በቡሬ ዙሪያ አስፈሪ ተረት የሚነገረው ከራት በኋላ፣ ምድጃ ዳር ነው። ጅቡ ከወንዙ ማዶ ያላዝናል፤ አያት ስለ ጭራቅ ትናገራለች። ድምፅዋን ታጎረንናለች፣ ድንገት ዝም ትላለች፣ በኩራዙ ብርሃን ጥላዋ ግድግዳው ላይ ይረዝማል። ልጁ ጋቢው ውስጥ ይሸጎጣል፤ ለሽንት እንኳ ብቻውን አይወጣም። ሲነጋ ግን ያችው አያት እርጎ ትሰጠዋለች፤ «ትናንት ፈራህ እንዴ?» ብላ ራሱን ትዳብሰዋለች። ፍርሃቱ የሚለቀው ያን ጊዜ ነው፤ ተረቱ ግን ይቀራል። ፊልም የሚያይ ሰው ይህ ንጋት የለውም። ያስፈራችው ሴት መብራቱ ሲበራ አብራ ትጠፋለች። ጉባኤው የሚሰጠው ይህንኑ የጎደለውን ንጋት ነው።

በኢትዮጵያ ሲኒማና ፍርሃት ገና ከመጀመሪያው ተገናኝተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ቀድሞ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ለዚያ ዘመን ተመልካች ከመንፈስ ሥራ የሚለይ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ ከተሞች ደግሞ የውጭ ፊልም ለብዙ ወጣት የደረሰው በቪዲዮ ቤት ነው፦ መስኮቱ በጨርቅ የተሸፈነ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ የዕለቱ ፊልም የተጻፈበት ሰሌዳ። ንግግሩን የሚሰማው ጥቂት ሰው ነው። አደጋው መቅረቡን ተመልካቹ የሚያውቀው ከተዋናይቷ ፊት ነው፤ ቋንቋ በሌለበት ተርጓሚዋ እሷ ናት። «አክተር አይሞትም» የሚለው የቪዲዮ ቤት ሕግም በአስፈሪ ፊልም ላይ ሲሆን የተለየ መልክ ይይዛል፤ ሌሎቹ ሁሉ አልቀው ጎህ ሲቀድ ቆማ የምትገኘው አንዲት ልጅ ናትና።

የጉባኤው አሠራር ቀላል ነው። መግቢያው ለብቻ ይከፈላል፣ ፊርማው ለብቻ፣ አብሮ ፎቶ መነሣቱም ለብቻ። ገንዘቡ ፊልም ለማይደርሳቸው አንጋፋ ተዋናዮች መተዳደሪያ የሚሆን ነው። ክፍያው ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ ጠጅ ቤት ውስጥ አዝማሪዋ ስሙን አንሥታ ስትገጥምለት ብር ግንባሯ ላይ የሚለጥፍ ሰው ይኸንኑ ያደርጋል። ከጠረጴዛው ሌላ ተዋናዮች መድረክ ላይ ተቀምጠው ጥያቄ የሚመልሱበት ሰዓት አለ። ወረፋ የደረሰው ሰው የሚያገኘው አንድ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች ደቂቃ ብዙዎች የሚናገሩት ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ነው፦ ፊልሙን ከማን ጋር እንዳዩት፣ ታመው ተኝተው ሳሉ ስንት ጊዜ እንደደገሙት።

ቅርበቱ አደጋም አለው። በ1980 በወጣው «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» ላይ በመጨረሻ የተረፈችውን ልጅ የተጫወተችውን አድሪየን ኪንግን ከፊልሙ በኋላ አንድ አድናቂ እግር በእግር እየተከታተለ አስጨነቃት። እሷም ለረጅም ዓመታት ከካሜራ ፊት ራቀች። ዛሬ በሰዎች ፊት ተቀምጣ ስትፈርም በመካከል ጠረጴዛ አለ፣ ከጎኗም ወረፋውን የሚያስተናግድ ሰው አለ፣ ያለ ፈቃዷም ማንም አይነካትም። ጠረጴዛው ክብር የሚጠብቅ ድንበር ነው። ሌላውን ቅሬታ ያነሣችው የ1984ቱ «ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» መሪ ተዋናይት ሄዘር ላንገንካምፕ ናት። ገዳዩ ፍሬዲ በየአሻንጉሊቱና በየካናቴራው ሲታተም እሱን ያሸነፈችውና ላንገንካምፕ የተጫወተቻት ናንሲ ለምን ተረሳች የሚለውን ጥያቄ ይዛ ከጉባኤ ጉባኤ እየዞረች አድናቂዎችን ጠየቀች፤ «አይ አም ናንሲ» የተባለው ዘጋቢ ፊልምም በ2011 ወጣ። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ ጭራቁን የሚያስታውስ ሁሉ ማን እንዳሸነፈው ማስታወስ ይገባዋል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ጉባኤ አልተለመደም፤ የአገሩ ፊልም በብዛት ወደ ፍቅርና ወደ ኮሜዲ ያደላል። ሴት ተዋናይ ራሷ መድረክ ላይ የወጣችው ቆይታ ነው። በቀድሞው ቲያትር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ያንን ከሰበሩት መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ክራር ተጫዋቿ አስናቀች ወርቁ ናቸው። ዛሬ ከጉባኤው ጋር የሚቀራረበው የፊልም ምረቃ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራል፣ ተዋናዮቹ ወደ መድረክ ወጥተው ይተዋወቃሉ፣ ክፉዋን የተጫወተችው ስትወጣ አዳራሹ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ከሁሉም አብልጦ ያጨበጭብላታል።

በአስፈሪ ፊልም ስሟ የሚነሣ አዲስ አበባ የተወለደች ተዋናይት ግን አለች። የሩት ኔጋ አባት ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አይሪሽ ነርስ ነበሩ፤ በልጅነቷ ወደ አየርላንድ ሄደች። «ላቪንግ» በተባለው ፊልም ለኦስካር ታጭታለች። ከኮሚክ መጽሐፍ በተወሰደው «ፕሪቸር» ተከታታይ ድራማ ስለተጫወተችም በ2016 ከባልደረቦቿ ጋር በሳን ዲዬጎው ኮሚክ ኮን መድረክ ላይ ተገኝታለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005 «አይሶሌሽን» በተባለ የአየርላንድ አስፈሪ ፊልም ተጫውታ ነበር። ታሪኩ የሚሆነው ከብት በሚረባበት ገለልተኛ እርሻ ላይ ነው፤ ከብቶቹ ላይ በተደረገ ሙከራ የተነሣ ክፉ ነገር በላሟ ሆድ ውስጥ ያድጋል። የእንስሳት ሐኪሟ ጥጃው እንዴት እንደሆነ ለማየት እጇን ስታስገባ ያልተወለደው ጥጃ ይነክሳታል። ኔጋ የምትጫወታት ሜሪ ከወዳጇ ጋር ተደብቃ እርሻው በር ላይ በቆመ ተጎታች ቤት ውስጥ የምታድር ልጅ ናት። ላም ምጥ ሲጠናባት ሌሊቱን በረት ውስጥ ፋኖስ ይዞ ያደረ፣ የጥጃውን እግር በገመድ የሳበ የቡሬ ገበሬ ይህን ፊልም ያለ አስተርጓሚ ያየዋል፤ ወረፋ ደርሶት ጠረጴዛዋ ፊት ቢቆምም መጀመሪያ የሚጠይቃት ስለ ላሟ ነው።