ካሣ ደመወዝ አይደለም

ሁለት ሠራተኞች እንውሰድ። አንዱ ሞጣ ወፍጮ ቤት ሲሠራ ማሽን ያዘውና ጣቶቹን አጣ። ሌላዋ ብቸና ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ትሠራለች፤ ታይፎይድ ጥሏት ሁለት ወር ተኛች። የሁለቱም ደመወዝ 6,000 ብር ነው እንበል። ሁለቱም ሳይሠሩ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ግብር የሚነካው ግን የእሷን ነው።

የሕመም ፈቃድ ክፍያ ያው ደመወዝ ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያስከፍላል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ በቀጣዩ 2,000 ብር ላይ 15 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 7,000 ብር ባለው ላይ 20 በመቶ ይታሰባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር 700 ብር፣ በሁለተኛው ከምታገኘው 3,000 ላይ 150 ብር ይቆረጥባታል።

የልጁ ነገር ሌላ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለአካል ጉዳት ወይም ለሞት የሚከፈልን ካሣ ከግብር ነፃ አድርጎታል። ልጁ ያተረፈው የለማ፤ የጎደለውን በገንዘብ ለመተካት ነው የተሞከረው። ወፍጮ ቤቱ መድን ካልገባለት፣ የጡረታ ሽፋንም ከሌለው፣ ካሣውን አሠሪው ራሱ ይከፍላል። ለዘለቄታው ጨርሶ መሥራት ለማይችል ሰው የአምስት ዓመት ደመወዝ ሲሆን፣ ከዚያ ያነሰ ጉዳት በመቶኛው ልክ ይሰላል። የዚህ ልጅ አምስት ዓመት ደመወዝ 360,000 ብር ነው፤ ሐኪሞች ጉዳቱን 40 በመቶ ካሉት 144,000 ይደርሰዋል። ከዚህ ላይ አንድም ብር ለግብር አይነሣም።

ነፃ የተደረገው ግን ካሣው እንጂ ሰውዬው አይደለም። ልጁ ወደ ሥራ ቢመለስ ደመወዙ እንደማንም ሠራተኛ ግብር አለበት፤ በካሣው ባጃጅ ገዝቶ ቢያሠራም ገቢው ግብር ይጠየቅበታል። ለአካል ጉዳተኛ መጓጓዣውም ሕክምናውም ከሌላው ሰው ይልቅ ያስወጣል፤ ይህ በደመወዙ ግብር ላይ ሊታሰብለት ይገባል እላለሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የክፍያው አጻጻፍ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ካሣውን ከወሩ ደመወዝ ጋር ደምሮ በአንድ ፔሮል ካሳለፈው፣ ገንዘቡ ደመወዝ መስሎ ከ14,000 ብር በላይ ያለው በሙሉ 35 በመቶ ይታሰብበታል። ስለዚህ ካሣው ለብቻው ይከፈል፤ ሰነዱም ላይ «የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ» ተብሎ ይጻፍ። የጉዳቱ መቶኛ የሰፈረበት የሐኪም ማስረጃ አንድ ቅጂ ከክፍያ ሰነዱ ጋር ይያያዝ፤ አንዱን ደግሞ ልጁ እቤቱ ያስቀምጥ።