የሕዝብ አስተዳደር ምን ያስተምራል? የትስ ያሠራል?

የሕዝብ አስተዳደር፣ ብዙዎች ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን የሚሉት፣ የመንግሥት ውሳኔ ከወረቀት ወርዶ ሰው ዘንድ የሚደርስበትን መንገድ ያጠናል። አንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ይሠራ ተብሎ ተወሰነ እንበል። ከዚያ በኋላ በጀት መያዝ፣ ጨረታ ማውጣት፣ መደብ አስፈቅዶ ነርስ መቅጠር፣ መድኃኒቱ መድረሱን መከታተል አለ። የዚህ ትምህርት ምሩቅ የሚሠራው እዚህ መሐል ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ቢሆንም፣ የመንግሥት ሠራተኛን ቅጥርና ዕድገት በአንድ ሥርዓት የሚመራ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ በ1987 ዓ.ም. ተከፈተ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሙያውን የሚያስተምር የትምህርት ክፍል አለው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ማለፍም ይጠበቅበታል።

ከኮርሶቹ ተማሪ የሚሸሻቸው በጀት፣ ግዥና ስታቲስቲክስ ናቸው። እንጀራው ያለው ግን እነሱ ላይ ነው። ሰኔን እንውሰድ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ በጊዜው ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል። በዚህ ላይ ገንዘቡን ሳይጠቀም የመለሰ መሥሪያ ቤት ለሚቀጥለው ዓመት ሲጠይቅ «ያምናውንስ መቼ ጨረስክ?» መባሉን ይፈራል። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ ወንበሩም ኮምፒዩተሩም ሥልጠናውም ይጣደፋል። ተገልጋዩ ይህን አይቶ ስርቆት ነው ይላል። የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ አልክድም። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው፦ የግዥ ዕቅዱ ዘግይቶ፣ የዕቃው ዝርዝር በደንብ ሳይጻፍ ቀርቶ፣ ጨረታው ተሰርዞ እንደገና ወጥቶ። ይህን ሰንሰለት ወደ ኋላ ተከትሎ የት እንደተበጠሰ ማሳየት የሚችል ባለሙያ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት ይጠቅማል።

መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ዘንድ ሥራው ይመሳሰላል፤ ተጠያቂነቱ ግን ለለጋሽም ጭምር ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ቀድሞ 30 በመቶ ስለነበር አዲሱ የጠበቀ ይመስላል። ነገሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ትርጉሙ ላይ ነው። በፊት ለፕሮጀክት የሚወጣ የሥልጠናና የመጓጓዣ ገንዘብ ሳይቀር አስተዳደራዊ ይባል ነበር፤ አሁን ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የማይገናኘው፣ እንደ ቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያና የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ ያለው ነው የሚቆጠረው። የፕሮጀክት በጀት የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ልዩነት ካላወቀ ድርጅቱን ችግር ላይ ይጥላል።

የቅጥር ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ «ማኔጅመንት፣ የሕዝብ አስተዳደር ወይም ተዛማጅ» ስለሚሉ ፉክክሩ ሰፊ ነው። ምርጫ ላለው ጀማሪ እኔ ወረዳን እመርጥለታለሁ። በፌዴራል መሥሪያ ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ይዞ ሊከርም ይችላል። ወረዳ ላይ ግን የሰው ኃይል ስለሚያንስ ዕቅዱንም፣ ግዥውንም፣ የነዋሪውን አቤቱታም በአንድ ዓመት ውስጥ ያያል፤ ፕሮጀክት ይዘው የሚመጡ ድርጅቶችም የሚሠሩት ከወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ጋር ስለሆነ፣ ወደዚያኛው ዘርፍ መሻገር ቢፈልግ ሰዎቹን ቀድሞ ያውቃቸዋል።