ከሚንስክ እስከ ሪሾን ለጽዮን፦ የቼዝ ሊቁ ቦሪስ ጌልፋንድ

ልጆቻችን ከትምህርት ቤትና ከማትናስ ሲመለሱ «ሻሕማት» እያሉ የሚያወሩለት ጨዋታ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዓረቦች በኩል ዓለምን ያዳረሰው ይኸው ጨዋታ በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ቤት «ሰንጠረዥ» ተብሎ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ንጉሡና ፈረሱ በሁለቱም ዘንድ አሉ። ልጆቹ «ማልካ» የሚሏት ንግሥት ግን በገበታው ላይ እንደ ልብ ስትሮጥ፣ በሰንጠረዥ በእርሷ ቦታ የሚቆመው «ፈርዝ» በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ከዚህም ሌላ ሰንጠረዥ በ«ወረራ» ይጀምራል፤ ይኸውም የመጀመሪያው ጠጠር እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ።

ብዙ ወላጆች «ልጄ ይህን ተጫውቶ የት ይደርሳል?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህ ጥያቄ ከጋን ያቭኔ በስተሰሜን፣ ብዙም ሳይርቅ፣ በሪሾን ለጽዮን ኑሮውን የመሠረተ የአንድ አዲስ ገቢ ታሪክ መልስ ይሰጣል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦሪስ ጌልፋንድ በ1968 በሚንስክ ከተማ፣ በቤላሩስ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ አብራም አንድ የቼዝ መጽሐፍ ገዝተውለት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ገጽ አብረው ያነቡ ነበር። ትምህርቱ የተጀመረው እንግዲህ በቤት ውስጥ ነው። በ1989 ዕብራይስጡ «ራቭ አማን» የሚለውን የታላቅ ሊቅነት ማዕረግ አገኘ። ይህ ማዕረግ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ከ1950 ጀምሮ የሚሰጠው ሲሆን፣ በዛሬው ደንብ የሚያገኘው 2500 ነጥብ የደረሰና በከባድ ውድድሮች የታዘዘውን ውጤት ደጋግሞ ያስመዘገበ ሰው ነው። አንዴ ከተሰጠም ዕድሜ ልክ ይጸናል። ጌልፋንድ በ1990 ከሶቪየት ኅብረት ቡድን ጋር የቼዝ ኦሎምፒያድ ወርቅ አገኘ።

በ1998፣ ዕድሜው 30 ገደማ ሲሆን፣ ወደ እስራኤል ገባ። በዚህ ዕድሜ አገር መለወጥ ምን እንደሆነ አንባቢዎቻችን በራሳቸው ያውቁታል፤ ቋንቋው አዲስ፣ ሰዉ አዲስ ነው። የእርሱ ሙያ ግን በገበታው ላይ አስተርጓሚ አያስፈልገውም ነበር። በ2008 በድሬስደን ኦሎምፒያድ የእስራኤል ቡድን ብር፣ በ2010 ደግሞ ነሐስ ሲያገኝ ከቡድኑ አባላት አንዱ እርሱ ነበር። በ2009 የዓለም ዋንጫን፣ በ2011 በካዛን የተደረገውን የተፎካካሪዎች ውድድር አሸነፈ።

በዚህም መሠረት በግንቦት 2012 በሞስኮው ትሬትያኮቭ የሥዕል ቤት ከሕንዳዊው የዓለም ሻምፒዮን ቪስዋናታን አናንድ ጋር ተቀመጠ። ለዓለም ሻምፒዮንነት የተጫወተ የመጀመሪያው እስራኤላዊ ሆነ። ዕድሜው 43 ነበር። ሰባተኛውን ጨዋታ ጌልፋንድ አሸነፈ፤ በማግስቱ ግን በ17 እርምጃ ብቻ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አልተበገረም። 12ቱ ጨዋታዎች 6 ለ 6 ሲጠናቀቁ፣ አሸናፊው በፈጣን ጨዋታ ይለይ ተባለና አናንድ 2.5 ለ 1.5 ረታ። ዘውዱ አመለጠው፤ ክብሩ ግን ከእርሱ ጋር ቀረ።

ለእኛ ቤተሰቦች ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የአባትየው ሥራ ይመስለናል። አብራም የልጃቸውን ጉዞ በአልበሞች እየሰበሰቡ ያስቀምጡ ነበር። በ2013 የወጣው «አልበም 61» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ የአባትና የልጅ ታሪክ ይተርካል።

ሁሉም ልጅ ሊቅ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ነገር ግን በየቀኑ ከልጅ ጋር ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ፣ የሠራውንም ማስቀመጥ ለየትኛውም ቤት የሚከብድ አይደለም። ከዚህ ጎን ለጎን ሰንጠረዥን ወይም ገበጣን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በመካከላችን ካሉ፣ ደንቡንና የጠጠሮቹን ስም ጠይቀን እንጻፍ። ልጆቹ ሻሕማትን ያስተምሯቸው፤ እነርሱም የሚያውቁትን ለልጆቹ ያውርሱ። ያልተጻፈ ጨዋታ ከተጫዋቹ ጋር ይሄዳልና።