ወገብ ላይ ብረት የሚገባው መቼ ነው?

ወገቡን ለወራት ያመመው ሰው ኤምአርአይ ተነሥቶ «ዲስክህ ተንሸራቷል» ሲባል ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ብረት ይግባለትና ይገላገል» ይላል። ሌላው «ወገቡን ቢላ የነካው አይነሣም» ብሎ ያስፈራራል። ሐኪሞችም ቢሆኑ ለአሥርት ዓመታት ሲከራከሩበት ኖረዋል። ክርክሩ የሚገባን ቀዶ ሕክምናው መጀመሪያ ለምን እንደተፈጠረ ስናውቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1911 ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ሐኪሞች፣ በየፊናቸው፣ የአከርካሪ አጥንቶችን አጋጥሞ እንደ አንድ አጥንት የማጠንከርን ዘዴ ይፋ አደረጉ። ያሰቡት ለአከርካሪ ቲቢ ነበር። ቲቢ አጥንቱን በልቶ ሲንደው ጀርባ ይጎብጣልና፣ የፈለጉት ንደቱን ማቆም ነበር። ችግሩ ለእኛም የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት ዶክተር ሪክ ሆድስ አከርካሪያቸው በቲቢ ወይም በጥምመት የታጠፈ ብዙ ልጆችን ወደ ጋና፣ ወደ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ሆስፒታል፣ ልከው አሳክመዋል።

ዛሬ የሚገባው ብሎንና ዘንግ ለስብራት እንደሚታሰር ጄሶ ነው፤ አጥንቱ እስኪጋጠም ደግፎ ያቆያል። መጋጠሙ ወራት ይፈጃል፤ ሲጋራ ደግሞ ያደናቅፈዋል። የተጋጠመው ቦታ ከእንግዲህ አይታጠፍም፤ ጫናውን ከላይና ከታች ያሉት ጎረቤቶቹ ይሸከማሉ።

ስለዚህ በአደጋ የተሰበረና የማይረጋ፣ በቲቢ ወይም በዕጢ የተበላ፣ እየባሰ የሚጣመም አከርካሪ ሲሆን ብዙም ክርክር የለም። ክርክሩ የተነሣው ዘዴው በዕድሜ ለሚመጣ ተራ የወገብ ሕመም ሲውል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የስዊድን ጥናት፣ በ294 ሰዎች ላይ፣ ቀዶ ሕክምናው ከተለመደው የፊዚዮቴራፒ ሕክምና የተሻለ መሆኑን አሳየ። በ2005 ግን የእንግሊዝ ሐኪሞች 349 ሰዎችን ይዘው ከተጠናከረ የተሐድሶ ሕክምና ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ግልጽ ብልጫ አላገኙበትም። ውጤቱን የለወጠው ከጎኑ የቆመው አማራጭ ጥራት ይመስላል።

የነርቭ መተላለፊያው ጠብቦ እግር ሲያም ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ነርቩን ማላቀቅ ብቻ ይበቃል ወይስ ብረትም ይጨመር? እ.ኤ.አ. በ2016 የስዊድን፣ በ2021 የኖርዌይ ጥናቶች ማላቀቁ ብቻ ለብዙዎች እንደሚበቃ አመለከቱ። በ2016 የወጣ አነስተኛ የአሜሪካ ጥናት ግን፣ አጥንታቸው ወደፊት ለተንሸራተተ ሕመምተኞች፣ ብረቱ ዳግም ቀዶ ሕክምናን እንደሚቀንስ አገኘ።

የኤምአርአይ ፎቶው ብቻውንም አይፈርድም። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት ወገባቸውን ፈጽሞ ከማያማቸው 98 ሰዎች መካከል ዲስኩ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ የተገኘው ከመቶ 36ቱ ብቻ ነበር። በሌላ በኩል፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር እየደከመ ከሄደ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

ሐኪም ሲመረጥስ? የአጥንትም የነርቭም ቀዶ ሐኪም ይህን ይሠራል፤ የሚለየው ዘወትር አከርካሪ ላይ መሥራቱ ነው። ስለዚህ ያለ ይሉኝታ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይገባል፦ «ዶክተር፣ መንቀሳቀስ የሌለበት የትኛው አጥንት ነው የሚንቀሳቀሰው? ቆሜና ጎንበስ ብዬ በተነሣሁት ራጅ ላይ ያሳዩኝ። ነርቩን ማላቀቅ ብቻ አይበቃም? ባልሠራውስ ምን ይሆናል? በዓመት ስንት ይሠራሉ? ከእነርሱ ስንቱ ያመረቅዛል፣ ስንቱስ ዳግም ይከፈታል?» ጥያቄው የሚያስቆጣው ሐኪም ከሆነ ወደ ሌላ መሄድ ነው። አስቸኳይ ካልሆነ ከሌላ ሐኪም ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅም ነውር የለውም።

ሕንድ ወይም ታይላንድ ሄዶ የሚታከም ሰው ተጨማሪ ጥያቄ አለው፦ ስመለስ ቁስሉንና ራጁን ማን ይከታተላል? ሲወጣም የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር ሪፖርትና የገባለትን ብረት ዓይነትና አምራች የሚገልጸውን ወረቀት ይዞ ይምጣ። የአንዱ አምራች ብሎን ብዙ ጊዜ በሌላው መፍቻ አይፈታም፤ ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ላይ መከፈት ካለበት ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው።